ባዶ ሊፍት የት ይቁም

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ተከታታይ ፊልም ይታያል፤ ከዚያ በታየው ነገር ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል። ጭቅጭቁ ሁልጊዜም ከፊልሙ ይረዝማል።

እህቴ ፋርማሲስት ናት። ቀኑን ሙሉ የሐኪሞች የእጅ ጽሑፍ ስትፈታ ስለምትውል ይመስለኛል፣ እቤት ስትገባ ግልጽ ያልሆነ ታሪክ ማየት አትወድም። ባሏን «ዳኛው» ነው የምንለው። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ግን በማንኛውም ፊልም ላይ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ፍርድ ይሰጣል፣ ይግባኝም አይቀበልም። እማዬ ከተዋናዮቹ ጋር ታወራለች። አባዬ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበሩ ላይ ይተኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

የዚያን ቅዳሜ የስምንተኛውና የመጨረሻው ክፍል ተራ ነበር። አንድ ባለሀብት በገዛ ሕንፃው አሥረኛ ፎቅ ላይ ተገድሎ ሰባት ክፍል ሙሉ ገዳዩ ሲፈለግ ከርሟል። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ሶፋው ሥር ያስቀመጥኩትን የካርቶን ሳጥን እያሰብኩ ነበር።

«ዶክተሩ ነው» አለ ዳኛው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብያለሁ።»

«አንተ እኮ ባለፈው ፊልምም ዶክተሩ ነው ስትል ነበር» አለች እህቴ። «ዶክተር የሚባል ሳይኖርበት።»

«ውይ፣ አትክፈቺለት!» እማዬ ስክሪኑ ላይ ላለችው ልጅ ጮኸች። «አሁን ይሄ የሚታመን ፊት ነው?»

አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ «የሟቹ እህት ናት» አለ።

ሳቅንበት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሟቹ እህት እጇ በካቴና ታስሮ ከሕንፃው ስትወጣ ማንም አልሳቀም።

«ተኝተህ አልነበር እንዴ?» አለችው እማዬ።

«ዓይኔን ነው የጨፈንኩት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ለፖሊሱ ‹እዚህ ሕንፃ ገብቼ አላውቅም› አለችው። ሊፍት ውስጥ ስትገባ ግን ቁልፉን ሳታይ ተጫነች። እንግዳ ሰው ፎቁን መጀመሪያ በዓይኑ ይፈልጋል።» ይህን ብሎ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ሳይሰጥ ቀረ።

ሳጥኑን ያወጣሁት ያኔ ነው። ውስጡ ያለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ለመሥራት አሥራ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ከተማው መሀል፣ አንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ እንዲህ ዓይነት ጨዋታዎች የሚሸጥ ሰው አለ። «ሦስት ደቂቃ» ይሉታል፤ ያልወደደውን ጨዋታ ከዚያ በላይ ስለማይታገሥ ነው። ለአዳዲስ ሠሪዎች ብሎ ሰባት ቦታ ያለው መደርደሪያ አዘጋጅቷል። ስድስቱ ተይዘዋል። ለሰባተኛው ሰኞ ጠዋት ቀጥሮኛል። ባለፈው ዓመት ሌላ ጨዋታ ይዤለት ሄጄ ድምፄ ጠፍቶብኝ ነበር። ቆሜ ሳጥኑን ብቻ ዘረጋሁለት። «መናገር ስትጀምሪ ተመለሺ» አለኝ፤ በክፋት አልነበረም።

«ሚጢዬ፣ ዛሬስ ያልቃል ወይስ እንደ ሐሙሱ ሁላችንንም ትቀብሪናለሽ?» አለች እህቴ ጠረጴዛውን እየጠረገች።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ፎቅ ያለው ሕንፃ ተሥሏል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሊፍት አለው። በየዙሩ ካርድ ይወጣል፤ ካርዱ ላይ የሕንፃው ነዋሪ አለ። ዳይስ ይጣልና ሰውየው የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚጠብቅ ይታወቃል። ሊፍት በጊዜ ካልደረሰለት በደረጃ ይወርዳል። አሥር ሰው በደረጃ ከወረደ ሁላችንም ተሸነፍን ማለት ነው። ችግሩ፣ ሁልጊዜ እንሸነፍ ነበር። ሰባተኛው ዙር ላይ ሰዎቹ በየፎቁ ይከማቻሉ፣ ሊፍቶቹ መድረስ ያቅታቸዋል፣ ያልቃል። ደንቡን ሃያ ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ሊፍቶቹን አፍጥኛለሁ፣ ሰዎቹን ቀንሻለሁ። ለውጥ የለም።

ያን ቀንም ሰባተኛው ዙር ላይ እማዬ እጇን ዘርግታ «ሰው በሰው ላይ ሆነብኝ እኮ!» አለች። ዳኛው ጠጠሮቹን ወደ መሀል ገፍቶ «ፍርዱ ታውቋል። አሪፍ ሥዕል ነው፤ ጨዋታ ግን አይደለም» አለ። እህቴ በክርኗ ጎሸመችው። እኔ ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሰኞ ምን ብዬ እንደምደውልና እንደምቀር በልቤ ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ ነበር።

«ባዶው ምን ያደርጋል?» አለ አባዬ።

ከወንበሩ ተነሥቶ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር። አባዬ ጨዋታ አይጫወትም። ካርታም ዳማም ሲጫወት አይቼው አላውቅም።

«የቱ ባዶ?»

«ባዶው ሊፍት። ሰውየው ከወረደ በኋላ።»

«እዚያው ይቆማል። እስኪጠራ።»

«የሊፍት ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ» አለ፤ ያዘነ ይመስል ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንድ ካርድ አነሣ። «ይቺ ነርስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል ከሥሩ። ግን እሱ ለማሳመሪያ ነው የተጻፈው፣ አባዬ። ጨዋታው ውስጥ አይቆጠርም።»

«ማሳመሪያ?» ካርዱን በሁለት እጁ ያዘው። የእጁ መዳፍ ላይ የቅባቱ ጥቁረት አሁንም አልለቀቀም። «ሊፍት የሚሠራው በዚህ አይደል እንዴ?»

ከዚያ አወራ። በሃያ አራት ዓመት ዕድሜዬ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«የሞተር ክፍሉ ጣራው ላይ ነው። መስኮት የለውም። ማንንም አታዪም፤ ትሰሚያለሽ እንጂ። የተጠራበት ፎቅ መቆጣጠሪያው ላይ ቀጭ ይላል፤ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ቀጭታ አለው። አንድ ሕንፃ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ አንድ ሰው ነበር። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወደ ምድር ይወርድና ወዲያው ይመለሳል። አንድ ደቂቃም አይቆይም። ምድር ላይ ምን አለ? የፖስታ ሳጥኖቹ። ደብዳቤ ነው የሚጠብቀው አልኩ።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?» አለች እማዬ።

«አይቼው አላውቅም። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ ልጅ ተወለደ። በሩ መቆየት ጀመረ። የልጅ ጋሪ ሲገባ በር ይቆያል። ኋላ ላይ በሩ መቆየቱን ተወ፤ ልጁ ቆሞ ሄደ ማለት ነው።»

ስክሪኑ ላይ የሚቀጥለው ፊልም ማስታወቂያ ድምፁ ጠፍቶ ይዞራል። ዳኛው ሪሞቱን አንሥቶ አጠፋው።

«ያኔ ባዶው የት እንደሚቆም የምወስነው እኔ ነበርኩ» አለ አባዬ። «አሥር ሰዓት ላይ አንዱን ስድስተኛ ፎቅ እንዲጠብቅ አደረግኩት። ሰውየው ቁልፉን ሲነካ በሩ ይከፈታል። ዕድለኛ ነኝ ይል ይሆናል። አምስት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ወረደና አልተመለሰም። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ። መክሰሴን እንኳ አልበላሁም። ኋላ ምድር ላይ ተጠራ፤ ስድስተኛ ፎቅ ደርሶ ተከፈተ። በሩ ቆየ። ብዙ ቆየ።»

«ጋሪ?» አለች እህቴ በቀስታ።

«ሻንጣ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ስድስተኛ ፎቅ ተጠርቶ አያውቅም።»

እማዬ ባሏን የምታየው ከሩቅ አገር አሁን የገባ ሰው እንደምታይ ነበር። እኔ አባቴ ማታ ማታ ደክሞት ገብቶ «ምን ነበር ዛሬ?» ስለው «ምንም፣ ሊፍት» ይለኝ የነበረውን አሰብኩ። ያ «ምንም» ስንት ፎቅ ነበረው?

ካርዶቹን መልሼ ዘረጋኋቸው። በአሮጌው ደንብ ላይ መስመር አሠመርኩበትና አዲስ ጻፍኩ፤ ሰዎቹ በየሰዓታቸው፣ በየፎቃቸው ይወጣሉ። ዳይሱ የሚጣለው አንድ ሰው ይዘገይ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው። ባዶ ሊፍት ከመጠራቱ በፊት ተጫዋቹ የሚያስፈልግበትን ገምቶ በነፃ ያንቀሳቅሰዋል።

ተጫወትን። አባዬም ተጫወተ። ሰባተኛው ዙር አለፈ፣ ስምንተኛው አለፈ። አሥራ ሁለተኛው ላይ የመጨረሻዋ ነዋሪ፣ ነርሷ፣ ምድር ስትደርስ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር በደረጃ የወረደው። እህቴ ጮኸች። ዳኛው ተነሥቶ «ፍርዴን አነሣለሁ» አለ።

«የምን ማንሣት፣ ይቅርታ በል» አለችው እማዬ።

ሰኞ ጠዋት አባዬ እስከ ሕንፃው ድረስ ሸኘኝ። እታች እጠብቃለሁ አለ፤ ጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ፤ አርባ አልኩት።

«ሦስት ደቂቃ» መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፊቴ ተቀመጠ። ሰሌዳውን ዘረጋሁ። ጠጠሮቹን ደረደርኩ፤ መልሼ ደረደርኳቸው። ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። አንድ ካርድ አነሣሁ፤ እሑድ የሠራሁት አዲሱ ነበር።

«ስድስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ሰው አለ» አልኩ። «ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ይወርዳል።»

ሌላው ሁሉ፣ አባቴም ደብዳቤውም፣ ከዚያ በኋላ መጣ። ድምፄን እኔም ሰማሁት። ሰውየው መነጽሩን አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ፤ ሰዓቱን ግን ዳግም አላየም። ሁለታችን እስከ መጨረሻው ዙር ተጫወትን፤ ነርሷን ያደረሳት እሱ ነበር። ሳጥኑን በዝግታ ከደነና ተነሥቶ ሰባተኛው ቦታ ላይ አስቀመጠው።

«ያ የስድስተኛ ፎቁ ሰውዬ» አለ በሩ ድረስ ሲሸኘኝ፤ «ደብዳቤው ከማን ነበር?»

«አላውቅም።»

«እባክሽ አባትሽን ጠይቂልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሊፍቱ ጋ ደርሼ ጣቴን ወደ መጥሪያው ዘረጋሁ። ከመንካቴ በፊት በሩ ተከፈተ።

አባዬ ብቻውን ውስጡ ቆሞ ነበር።

«ባዶ ነበር» አለ፤ «አርባ ደቂቃ ስለሞላ አመጣሁልሽ።» ፊቴን አይቶ የሆነውን አወቀ፤ አልጠየቀኝም። ጭንቅላቴን በመዳፉ ነካ አደረገኝ።

በሩ ተዘጋ። መውረድ ጀመርን። «አባዬ፣ ደብዳቤው ግን ከማን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? እኔ የማውቀው ሊፍቱን ነው።» መዳፉን ግድግዳው ላይ አኑሮ ጥቂት አዳመጠ። «ሦስተኛ ፎቅ» አለ። «የቸኮለ ሰው ነው፤ ሁለቴ ተጫነው።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ሊፍቱ ግን ቀስ ማለት ጀመረ፤ እኔም ገና ላላየሁት ሰው ቦታ ለመልቀቅ ወደ ኋላ ተጠጋሁ።