ትርፍ ሰው

በያጁ የበሩን ማጠፊያ ዘንግ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይሞርዳል። ሁለቴ ይገፋል፣ አንዴ ይነፋል። ብናኙ ሲበር ዘንጉን ቀለበቱ ውስጥ ከትቶ በጣቱ ያሽከረክረዋል። ገና ይይዛል። አውጥቶ እንደገና ይገፋል።

የተቀመጠው በእስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊቱ አዲሱ ክፍል ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ በሮቹ ሳይገጠሙ ቆሟል። ከኋላው አሮጌው ክፍል አለ፤ እሱ ራሱ ስምንት ዓመት የተኛበት። የሚጠብቀው ዋርድያ ጥላ ፍለጋ ሄዷል።

የገባው የመጋዘን ዘበኛ ገድለሃል ተብሎ ነበር። ዘበኛው በሞተበት ቀን የመጋዘኑን በር የበየደው እሱ በመሆኑ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው በሌላ ግድያ ተይዞ ሲመረመር ማንም ሳይጠይቀው «ያንንም ዘበኛ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። በያጁ ከዚያም ወዲያ ዓመት ግድም ተቀመጠ። ሲፈቱት የሰጡት የይቅርታ ወረቀት ነው።

«ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ነው» አለ ቢሮ ሄዶ። «እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ወንድሜ» አለው ጸሐፊው፣ «ነፃ ነህ የሚለውን ወረቀት የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ፋይልህን ዘግቷል። እኛ ጋ ያለው ይቅርታ ነው። ያለንን ሰጠንህ።»

«ካሣስ?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም?» ጸሐፊው ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። «ይልቅ ሙያ ያለህ ሰው ነህ። መቋቋሚያ የሚሆን ሥራ እንፈልግልሃለን።»

ያገኙለት ሥራ ይኸው ነው፤ ለአዲሱ ክፍል የብረት በር መግጠም።

ሚስቱ በሰማች ቀን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «አንተን ለዋጠ ጉሮሮ ጥርስ ልታበጅለት?» አለችው። ሌላ ሥራ ግን አልነበረም። በነፍስ ታስሮ የወጣን ሰው ቤቱ አስገብቶ መስኮት የሚያስበይድ አልተገኘም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አብራው ትመጣለች። ግቢውን አትረግጥም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም። ለምሳ ሲወጣ አብረው ይበላሉ። ሲለያዩ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬም ትወጣለህ።»

እሱም «እወጣለሁ» ይላታል።

የቀትር ቆጠራ ሲደረግ እሱ ሁልጊዜ ውጭ፣ እሷ ዘንድ ነው። ዛሬ ዘንጉ አልገባ ብሎ አዘገየው። አንዴ ልሞርደውና ልውጣ እያለ ፊሽካው ተነፋ።

ሞረዱን አስቀመጠ። ዘንጉን አስቀመጠ። ወደ ሜዳው ሄደ፤ አልሮጠም፣ አልተጎተተም። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ፣ እጆቹን ማጅራቱ ላይ አጣመረ፣ ዓይኑን ከፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ ተከለ። እስረኞቹ የሚለብሱት ከቤት የመጣላቸውን ልብስ ስለሆነ በአሮጌ ሸሚዙ ከማንም አይለይም። የፊሽካው ድምፅ ከጆሮው ቀጥ ብሎ ወደ ጉልበቱ ወርዷል፤ ጭንቅላቱ ጋ ጎራ አላለም።

ቆጣሪውን ዋርድያ እስረኞቹ «ሒሳብ» ይሉታል። በቆመጡ ጫፍ አናት አናታቸውን ነካ እያደረገ ነው የሚቆጥረው። ሒሳብ ፊት አያይም፣ የሚያየው አናት ነው። ቆመጡ አናቱን ነክቶ ሲያልፍ በያጁ ነቃ። የት እንደተቀመጠ አየ።

«አንተ» አለ በስተቀኙ ያለው ሽማግሌ፣ አንገቱን ሳያዞር። ምርኩዙን አጠገቡ ያጋደመው ጋሽ ምርኩዝ ነበር። በያጁ ከምርመራ እጁ አብጦ በመጣበት ሰሞን ያጎረሰው፣ ከፍራሹም ጠርዝ የሰጠው እሱ ነው።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ፊሽካው…» አለ በያጁ።

«ናፍቀንህ ነው?» ሽማግሌው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ጠፋ። «ስማኝ። በቆጠራ መሀል እንዳትነሣ።»

ሳይነገረውም ያውቃል። አንድ ጊዜ ሆዱን ያመመው ጎረምሳ በቆጠራ መሀል ተነሥቶ ነበር። ሦስት ዋርድያዎች ጭንቅላቱን መቱት። ከዚያ ወዲያ ያ ጎረምሳ ማንኪያ ወደ አፉ ሲወስድ ጆሮውን ይወጋ ነበር።

ሒሳብ ጨርሶ ቆመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን ቆመጡ ከረር ብሎ ነው አናት የሚነካው። ጨረሰ።

«አንድ ትርፍ» አለ።

የእስር ቤቱ ኃላፊ አፉን በመሃረብ እየጠረገ ከቢሮው ወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ሲጎድል ይገባኛል» አለ። «ሲጎድል አንዱ አምልጧል። ሲተርፍስ? እስር ቤት ይወልዳል እንዴ?»

ከፊት አንድ እስረኛ ሳቅ አመለጠው። አጠገቡ የነበረው ዋርድያ በጫማው አፉን መታው። ሰውየው እጁን ከማጅራቱ ሳያወርድ ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ ተነሥቶ ቁጢጥ አለ፣ ጥርስና ደም ሸሚዙ ላይ ተፋ።

«ከውጭ ሰው አስገብታችሁ በእሱ ቦታ አንድ ልታስወጡ ነው» አለ ኃላፊው። «እንግዳው ማን እንደሆነ አጠገቡ ያለ ያውቀዋል። ከፊት ጀምሩ።»

ጀመሩ። ቆመጥ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ደነዝ ድምፅ አለው፤ ክርን ላይ ሲያርፍ ይጮኻል። በያጁ ብረት ሲመታ በድምፁ ብቻ ስንጥቁን የሚለይ ሰው ነው፤ ቀና ሳይል እያንዳንዱ ምት የት እንዳረፈ ያውቅ ነበር። ይኼ ትከሻ ነው። ይኼ ጎድን ነው፣ አንዱ ተሰብሯል። «ማነው?» ይላል ዋርድያው። «አላውቅም፣ ጌታዬ።» ምት። «ማነው?» ምት።

ከሦስተኛው ረድፍ ብዙዎቹ አውቀውታል። ማንም አፉን አልከፈተም። እዚያ ከጠቋሚነት መመታት ይቀላል፤ አብሮ የሚታደረው ከዋርድያ ጋር አይደለም።

በያጁ አሰበ። ደብዳቢዎቹ ይደክማሉ። ሰልፉ ሲበተን ወደ በሩ ተመልሶ መነጽሩን ያደርጋል፣ ሞረዱን ያነሣል፣ በያጅ ይሆናል። በሚቀጥለው ቆጠራ ቁጥሩ ይገጥማል። ዝም ካለ ይወጣል። ከተነሣ ግን መውጫውን የሚያውቀው ኃላፊው ብቻ ነው። ማዶ ሳጥን ላይ የተቀመጠችው ሴት ታየችው። አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

ሦስተኛው ረድፍ ደረሱ። ከቀኝ ነው የመጡት፤ ጋሽ ምርኩዝ ከእሱ ይቀድማል።

«ጎረቤትህ ማነው?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ጌታዬ።»

«ድምፁስ?»

«ጆሮዬን እናንተው በጥፊ ደፍናችሁት የለ?»

ዋርድያው የሽማግሌውን ምርኩዝ ከመሬት አነሣ፤ ቆመጡን ብብቱ ስር ወሸቀ፤ በምርኩዙ ጉልበቱን መታው። በያጁ ድምፁን ሰማ። ጋሽ ምርኩዝ በጎኑ ወደቀ፤ እጆቹ ግን ከማጅራቱ አልተፈቱም። ዋርድያው ደገመው፣ እዚያው ቦታ ላይ። አሁን የተሰማው የእርጥብ እንጨት ድምፅ ነው። ሽማግሌው አልጮኸም፤ አየር ፍለጋ አፉ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር።

ምርኩዙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ በያጁ ተነሣ።

«ትርፉ እኔ ነኝ» አለ።

ለአፍታ ሁሉም ቆመ። ሁሉ ቁጢጥ ባለበት አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም እንዴት ረጅም እንደሆነ የረሱ ይመስል ነበር። ከዚያ ምርኩዙ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ።

ሲወድቅ አፈሩን ቀመሰ። ጫማዎች መጡ፤ አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ኩላሊቱን። «በያጁ ነኝ» ለማለት ሞከረ፤ አፉ ውስጥ ያለው ደም ቃሉን በላው። ተንፏቆ ሊነሣ ቀኝ እጁን መሬት ላይ ሲዘረጋ አንዱ ረገጠው፣ ረግጦም ተረከዙን አዞረ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ በያጁ በድምፅ ለየ። ሌላው በፀጉሩ ይዞ ጭንቅላቱን ከመሬት አጋጨው፤ ግንባሩ ተተረተረና አንድ ዓይኑን ደም ሸፈነው።

«ቆይ» አለ ኃላፊው። ጎንበስ ብሎ አየው። «በያጁ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ… መታወቂያዬ በር ላይ…»

«በያጅ ከሆንክ ለምን ተቀመጥክ?»

«ፊሽካ ተነፋ።»

«ላንተ ነው የተነፋው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

ኃላፊው ቀና ብሎ ወደ ዋርድያዎቹ ዞረ፤ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። «አያችሁ? ንጹሕ ሰው ፊሽካ ሲሰማ ማነው የነፋው ብሎ ዞር ይላል። ቁጢጥ የሚለው ሥራውን የሚያውቅ ነው። ያኔም ይቅርታው ሲመጣ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር።»

«ያስለመዳችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ በያጁ ከመሬት።

ኃላፊው ራሱ ረገጠው፤ ጎኑ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ሳይቸኩል። «ቆልፉበት። እስረኛ ለማስመለጥ ተባብሯል።»

ሁለት ዋርድያዎች በብብቱ አንጠልጥለው ወደ አሮጌው ክፍል ጎተቱት። የበሩን ደፍ አወቀው። እግሩን ከመሬት ተከለ፤ ቁርጭምጭሚቱን መቱት። ያን ጊዜ ከውጭ በር በኩል ድንጋይ ብረት ሲመታ ተሰማ። ድምፁ ቆመ፤ ደግሞ መታ። ደግሞ። ሜዳው ሁሉ ሰማው።

የበሩ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ መታወቂያ ይዟል።

«ጌታዬ፣ አንዲት ሴት በሩን ልታፈርሰው ነው።»

«ምን ሆንኩ ትላለች?»

«ባሌን ትላለች። ለምሳ ይወጣ ነበር፣ ቀረ ትላለች። ልንይዛት ብንል አንዱን ባልደረባ ክንዱን በድንጋይ ሰብራዋለች። ጎማ ጠጋኙ፣ መንገደኛው፣ ሁሉም ከቧታል። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ አለ።»

ኃላፊው መታወቂያውን አየ፤ የተንጠለጠለውን ሰውዬም አየ። ፎቶው ላይ ያለው ሁለት ዓይን ነበረው።

ሒሳብ ጠጋ አለ። «ጌታዬ፣ ቆጠራውን እሱን ጨምሬ ነው የምዘጋው ወይስ ሳልጨምር? ካልተዘጋ ምሳ አይወጣም። ሌላው ክፍል እየጠበቀ ነው።»

«ሲወጣ ይገጥማል?»

«ይገጥማል።»

«አውጡት» አለ ኃላፊው። መሃረቡን ከኪሱ አውጥቶ ጫማውን ጠረገ። «መታወቂያው እዚህ ይቆይ። ነገ መጥቶ በሩን ይጨርስ።»

ሲጎትቱት በጋሽ ምርኩዝ አጠገብ አለፉ። ሽማግሌው ያው በጎኑ ነው። ጉልበቱ ወዳልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል። የአንድ ዓይኑን ቆብ ገልጦ በያጁን አየው።

«ሂድ» አለው። «ደግሞ ሌላ ጊዜ ፊሽካ ስትሰማ ወደ ውጭ ሩጥ፣ ደነዝ።»

የበሩ ክንፍ ተከፈተ፤ ገፍተው ጣሉት። ሚስቱ ድንጋዩን እንደያዘች ቆማ ነበር፤ መዳፏ ደምቷል። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥላ እጁን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን አየች። ጎማ ጠጋኙ አንዱን ክንዱን ደገፈላት። በሩ ሲዘጋ ዞራ ድንጋዩን በሙሉ ክንዷ ወረወረችበት።

ቤት ገብተው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ውኃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ግንባሩን ማጠብ ጀመረች። ጨርቁን ስትጨምቅ ሳህኑ ቀላ።

«እንዴት አገኙህ?»

ነገራት። ፊሽካውን፣ ሰልፉን፣ ሽማግሌውን።

«ዝም ብትል ትወጣ ነበር?»

«እወጣ ነበር።»

ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ጣለችና ደረቱን በጡጫዋ መታችው። ደገመችው። የተጎዳ ጎኑ ስለሆነ ተጣጠፈ።

«ስምንት ዓመት እዚያ በር ላይ ስንቅ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለሱ ተነሣህ። ለኔስ ማን ይነሣልኝ?»

ግራ እጁን አንሥቶ ጡጫዋን ያዘ፤ አላስለቀቀችውም።

«ጉልበቱን ነው የሰበሩት» አለ። «ከእንግዲህ አይራመድም።»

«ያ ያጎረሰህ ነው?»

«እሱ ነው።»

ጨርቁን ከሳህኑ አወጣች። ማጠቧን ቀጠለች፤ አሁን ቀስ ብላ።

«ነገ አትሄድም» አለች።

«መታወቂያዬ እነሱ ጋ ነው።»

«ይያዙት። ያለ ጥፋትህ አንተን ስምንት ዓመት ይዘውህ የለ? አሁን ደግሞ ፎቶህ ላይ ይቆልፉበት።»

«በሩስ? አልተገጠመም።»

«ያለ በር ይደሩ።»

ሊስቅ ሲል የተሰነጠቀ ከንፈሩ እንደገና ደማ። «አታስቂኝ» አለ። እጁን ወደ መብራቱ አቀረበው፤ ጣቶቹ ለመታጠፍ እንቢ አሉ። ሲበይድ ኤሌክትሮዱን የሚይዝበት እጅ ነው። እሷም አየችው።

«ክንድህን አንሣ» አለችው። አልተነሣም። መቀስ አምጥታ ሸሚዙን ከእጅጌው እስከ አንገቱ ቀደደችው፣ ክንዱን ሳትነካ ከላዩ ላይ አወረደችለት። አልጋው ላይ አጋደመችውና በሁለት ብርድ ልብስ ሸፈነችው።

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘረጋች። የሸሚዙ ፊት በደም ደርቋል፤ ቢታጠብም አይለቅም። ጀርባው ደህና ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆረጠች። ደም የነካውን ለይታ ወደ ቆሻሻው ጣለች፤ ደህናውን ለመወልወያ በሚሆን ልክ አራት ቦታ ቀደደች፣ ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝታ አጠፈች፣ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።