ከምርቃት በኋላ

ሠርከአዲስ የነገር ጫፍ ከያዘች ሥሩን ሳታይ እህል የማይወርድላት ሴት ናት። ሮቤ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው፤ የማን ፋይል የት እንደተኛ ከአለቃዋ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ታዲያ ይቺ ሁሉን አዋቂ፣ ሰኞ ጠዋት ዙሀይራ መጥታ አንድ ነገር ብትጠይቃት የማታውቀው ሆኖ ተገኘ።

ዙሀይራ እህል መጋዘን ውስጥ ስንዴ የምታበጥር የቀን ሠራተኛ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

«አዴ ሠርከአዲስ፣ ያ ሕግ ምን ደረሰ?» አለች በሩ ላይ ቆማ። «የቀን ሠራተኛ ስትወልድ ቦታዋ ይጠበቅላታል የሚለው። ካልወጣ እኮ እኔ የተኛሁ ዕለት በቦታዬ ሌላ ሰው ይገባል።»

«የሠራተኛ ሕጉን የሚያሻሽለው ረቂቅ? እየታየ ነው» አለቻት ሠርከአዲስ። ካለች በኋላ ግን ራሷን ታዘበች። ማን ነው የሚያየው? ዓመት ሙሉ እየታየ? ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ!

ዙሀይራን አስቀምጣ ስልክ አነሳች። ረቂቁ ባለበት ቢሮ ኪሩቤል የሚባል አብሯት የተማረ የጎባ ልጅ ይሠራል።

«አልሞተም፣ አልዳነም» አላት እየሳቀ። «አሠሪዎች የወሊዱን አንቀጽ ተቃውመው ሦስት ገጽ ጽፈዋል። ከሠራተኞች በኩል ከእናንተ የመጣው ቃለ ጉባኤ ደግሞ ‹የተነሳ አስተያየት የለም› ይላል። ሠራተኛው ራሱ ያልጠየቀውን ማን ይሟገትለታል? እዚያው ላይ ቆመ።»

«የለም? ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ? የትኛው ሰነፍ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

«ቆይ ልየው… ፊርማው ያንቺ ነው፣ ሠርኬ።»

በስመ አብ! ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። ረቂቁ ለሠራተኛው የቀረበበት ስብሰባ እንዴት እንዳለቀ አሁን ትዝ አላት። ሰብሳቢው ረቂቁን አንብቦ እንደጨረሰ ወደ ጫኝ አውራጆቹ ሽማግሌ ወደ ኦቦ ዲኖ ዞሮ «እስቲ፣ አባታችን» አለ፤ አስተያየት እንዲጀምሩለት ነበር። እሳቸው ስብሰባው አልቆ ዝጉልን የተባሉ መስሏቸው ተነሱና መረቁ፤ አገሩን፣ ዝናቡን፣ ስንዴውን፣ ሕጉን ሳይቀር። አዳራሹ «አሚን» አለ። ሽማግሌ መርቆ ከዘጋ በኋላ ደግሞ በባሌ ምድር ማን አፉን ይከፍታል? ሰው ሁሉ እየተነሳ ወጣ። የምሳ ሰዓትም ደርሶ ስለነበር ሠርከአዲስ ደስ እያላት እስክሪብቶዋን ከደነች።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?» አለቻት ዙሀይራን።

«ነበርኩ። ልናገር እጄን አንስቼ ነበር። ኦቦ ዲኖ መመረቅ ሲጀምሩ ለአሚን ዘረጋሁት።»

ሠርከአዲስ በጣም አፈረች። የሩቅ አገር ሰው ብትሆን አላወቅኩም ትል ነበር። ጎባ ተወልዳ ሮቤ ያደገች ሴት ግን፣ ከምርቃት በኋላ ዝም ያለ ሰው የሚለው አጥቶ እንዳልሆነ አሳምራ ታውቃለች። ንጹሕ ወረቀት አወጣች።

«በይ፣ ያን ቀን ልትይ የነበረውን አሁን ንገሪኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ጽፌ ዛሬውኑ እልከዋለሁ።»

«ሕጉ ከመውለዴ በፊት ይደርሳል?»

ሠርከአዲስ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «አይደርስም፣ እህቴ። ቢፈጥን ቢፈጥን ለከርሞ ነው።»

ዙሀይራ በሩን አየች፤ ተነስታ የምትሄድ መሰለ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«አጠገቤ የምታበጥረው ሰብሪና ሁለተኛ ወሯ ነው፤ ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም» አለች። «ለሷ እንኳ ይድረስላት፤ ይጻፉ። ስሜን ከላይ ያድርጉት፤ እኔ ቦታዬን ማጣቴ አይቀር፣ አሠሪዎቹ ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?»