ጣት ላይ የቀረው መርፌ

«በየወሩ ነው፣ እሺ? ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትተዪው።»

«እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመርፌ ጋር ውዬ ከመርፌ ጋር አመሻለሁ፤ ደግሞ ልወጋ?»

ከዓመታት በፊት፣ ሆስፒታል ውስጥ ከመጋረጃ ወዲህ ተቀምጬ የሰማሁት ይህንኑ ያህል ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ ሌላዋ ታላቅ እህቴ እትዬ። ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳንሰውላት ገና ከአልጋ አልወረደችም። ነርሷ ሌላም ብላለች፤ የምግብ ጋሪ ሲያልፍ ድምፁ ዋጠብኝ። የእትዬ ሳቅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። እትዬ ከሳች፤ እሰየው የሚያሰኝ መክሳት። ጉልበቷ መጮኹን ተወ፣ ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። ቀሚሶቿን ባጠበበች ቁጥር የሚተርፈው ቁራጭ ለካውያዬ መያዣ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጣፋጭ ነገር ከቀመሰች ላብ ያጠምቃታል፣ ልቧ ይመታል፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጋደም ትላለች። ይሄን ለምደነዋል።

ያልለመድነው ሌላ ነው። ሰሞኑን ግድግዳ እየተደገፈች ትሄዳለች። የልብስ ቁልፍ ከእጇ ይወድቅና እኔን ትቆጣለች።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ኮት ሊለኩ መጡ። እትዬ ጠረጴዛውን ታተራምሳለች።

«መርፌዬን ማን ወሰደብኝ? እዚህ ቤት እኮ ምንም አይቀመጥም!»

ቀና ብዬ አየሁ። መርፌው ጣቷ ላይ ተሰክቷል፤ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«እንዴ! ዘንድሮ ደግሞ ሰርከስ ጀመርሽ?» ብለው መምህሩ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ መርፌውን ነቅላ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እንደወጡ በሩን ዘግቼ ካውያውን ነቀልኩ።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ምኑ?»

«እትዬ!»

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «የእማዬ ሕመም ነው፤ አውቄዋለሁ። እሷንም በጣቷ ነው የጀመራት። ከዚያ እግሯ፣ ከዚያ አልጋ። ልብሷን የምትቆልፍላት አንተ ነበርክ። እኔን ማን ይቆልፍልኛል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተማ የራስህንም አዛንፈህ ነው የምትቆልፈው።»

ሸሚዜን አየሁ፤ እውነቷን ነው። ያኔ የነርሷ ድምፅ ትዝ አለኝ።

«መርፌውንስ ትወጊያለሽ? በየወሩ የተባልሽውን?»

«መጀመሪያ ወሰድኩ። ከዚያ ተሻለኝ። ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ለምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቱ በደረሰበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ያቀረብኩት ልመና አጭር ነበር፤ አምላኬ፣ መድኃኒት ያለው ነገር ይሁን። ሐኪሟ ጠርታን ወረቀቱን አየችና ቀና አለች።

«የእናትሽ ሕመም አይደለም። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቪታሚን አልቆብሻል። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሆድሽ ከምግብ በደንብ አይወስደውም፤ የተውሽው መርፌ ይህንኑ የሚተካ ነበር። ነርቮችሽ ተርበዋል።»

«አይደለም?» አለች እትዬ።

«አይደለም።»

«ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ፣ ለካ ውስጤ በረሃብ አልቋል!» ብላ በአንድ ጊዜ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። እኔ ተመስገን ብዬ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ጣቴ ወደ ቀድሞው ይመለሳል?»

«ብዙው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቆይቷልና ጥቂቱ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ቃል አልገባልሽም። መርፌው አሁን ቶሎ ቶሎ ነው፣ ኋላ በየወሩ። ዕድሜ ልክ።»

መርፌ መውጊያው ክፍል ስንገባ እትዬ ነርሱ የያዘውን መርፌ አይታ ፊቷን አኮሳተረች።

«ይሄ የሰው ነው የጆንያ?»

ነርሱ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ዕድሜ ልክ ነው ያለችው?»

«ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሱቁን ዘግተን አብረን እንመጣለን።»

«ደንበኛስ?»

«ይጠብቃላ። ራቁቱን አይሄድ።»

የደነዘዘውን ጣቷን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

«እሺ፣ እወጋለሁ። ተሻለኝ ብዬም አልቀርም። እስከዚያ ግን ቁልፍ የምትተክለው አንተ ነህ፤ ስታዛንፍ ባይህ ደግሞ አስፈትቼ አስተክልሃለሁ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።