አራት የላቲን ፊደል

እኔ የምወደው ሰው የማይወደውን ፊልም ነው። የሰባዎቹን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ጭራቁ የተንጠለጠለበት ክር የሚታይበትን፣ ሞተ የተባለው ተዋናይ ዐይኑን የሚያርገበግብበትን። በወጡበት ዘመን ሲኒማ ቤቱ ባዶ ቀርቶ፣ በኋላ ግን ጥቂት እብዶች እየደጋገሙ የሚያዩዋቸው ዓይነት። አርባ አንዱ በሃርድ ዲስክ አሉኝ። ነቀምቴ ላይ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ረጃጅም ወራት ሌላ የማየው አልነበረኝም። የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም፤ ቋንቋቸውንም አላውቀውም። ስለዚህ የሚናገሩትን እኔው ፈጠርኩላቸው፤ ከዚያ ነገሩ ጨዋታ ሆነ።

እኔ የፊልሙን ዓለም በወረቀት ላይ በካርታ ስዬ እተርካለሁ፤ ጓደኞቼ ደግሞ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ያለ ሰው የሉዶ ዳይስ ይጥላል። ስድስት ከመጣለት ይሰብረዋል፤ አንድ ከመጣለት ክንዱ ይሰበራል። አለቃው እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ መቆጣት ያምርብኛል። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረኝ። ጨዋታ ሲጀመር ስልክ ሁሉ እኔ አጠገብ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። መልእክት ከመጣ የማየው እኔ ነኝ፤ የሚያስቸኩል ከሆነ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ አፌ ያወጣሁት ሕግ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ውስጥ እንገናኝ ነበር፤ እኔ (ታዲ ይሉኛል)፣ ጂሩና ሚስቱ ፌኔት። ጂሩ ከነቀምቴ ዲጋ ሚኒባስ ይነዳል። መንገዱ ጠዋት ሰላም ሆኖ ከሰዓት ሰው የሚታገትበት ስለሆነ፣ ሾፌሮች ከመነሳታቸው በፊት ወዲያ ማዶ ላለ ሾፌር ይጽፋሉ። ጂሩ የሚጽፈው ዲጋ ላለው ለኦቦ ገብረክርስቶስ ነው፤ ኦቦ ማለት አቶ ነው። ኦቦ ገብረክርስቶስ የጎጃም ሰዎች ልጅ ነው፤ ዲጋ ተወልዶ ዲጋ ያረጀ። ኦሮምኛ ከእኔ በላይ ይናገራል፤ መጻፍ ግን የሚችለው አማርኛ ብቻ ነው። አሮጌ ስልኩ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በላቲን እንደመጣለት ይለቅመዋል።

የዚያን ቅዳሜ ከምወዳቸው ሁሉ አስቀያሚውን ፊልም እየተጫወትን ነበር። አንድ አውቶብስ በጭጋግ ሲሄድ ቆይቶ፣ ፊታቸውን በመስታወት የሸፈኑ ሰዎች ከሚጠብቁት በር ይደርሳል። ጠባቂዎቹ ቃል ይጠይቃሉ። አንዲት አሮጊት ከመስኮት ብቅ ብላ አንድ ነገር ስትል በሩ ይከፈታል። ምን እንዳለች ሠላሳ ጊዜ ሰምቼ አልገባኝም። ጨዋታውን የጀመርኩት የምናገረውን ቃል ሳላገኝ ነው፤ ጂሩ ከበሩ ፊት ቆሞ ዳይሱን በእጁ እያሻሸ ይጠብቀኛል።

ልክ ያኔ የጂሩ ስልክ ቅርጫቱ ውስጥ ነዘረ። ከኦቦ ገብረክርስቶስ ነው። አራት ፊደል ብቻ፤ ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ።

«ማል ጄዴ?» አለ ጂሩ፣ ምን አለ ለማለት።

«ነጋ» አልኩት። በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው።

እንዲህ ስል ግን፣ ስክሪኑ ላይ ከመልእክቱ ከፍ ብሎ የጂሩ ጥያቄ ይታየኝ ነበር። «ልምጣ?» ይላል፤ በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል፣ ለሽማግሌው እንዲቀለው ብሎ። በአማርኛ ለተጠየቀ ሰው መልሱ በአማርኛ ነው፤ እነዚያው አራት ፊደሎች ደግሞ በአማርኛ «ነገ» ተብለው ይነበባሉ። «ልምጣ?» «ነገ።» አይቼዋለሁ። ዐይኔ አርፎበት፣ ልቤም ትንሽ ተጠራጥሮ ነበር። ግን የቸገረኝ ቃል ከሰማይ የወረደልኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። «የበሩ ቃል እሱ ነው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። «ነጋ በል፣ ይከፈትልሃል!» ጂሩ ሳቀ፣ «ነጋ» አለ፣ በሩን ከፈትኩለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩን ሳያየው ኪሱ ከቶ ባዶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሚኒባሱን ዲጋ ሳይደርስ መንገድ ዳር አገኙት። አራቱም በሮች ተከፍተዋል፤ ጂሩ የለም።

እሑድ ዝም አልኩ። ሰኞ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ሰኞ ከሰዓት የጂሩ ታላቅ ወንድም ኢቢሳ ዲጋ ሄዶ ኦቦ ገብረክርስቶስን ሲይዘው፣ ሽማግሌው «ነገ ና ነው ያልኩት!» ብሎ ስልኩን አሳየ። ኢቢሳና አብረውት የሄዱት አነበቡት፤ ነጋ ይላል። ሽማግሌው የሚደርሰውን መልእክት አንብቦ ስለሚያጠፋ የጂሩ ጥያቄ እዚያ ስልክ ላይ አይታይም፤ የጂሩ ስልክ ደግሞ ከጂሩ ጋር ነው። ንጹሕ ነኝ ብሎ ያወጣው ማስረጃ አስፈረደበት። «ሰላም ነው ብሎ ጠርቶ ሸጠው» የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ነቀምቴን አዳረሰ። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሸዋ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ አፌን ብከፍት «አንተም ከእሱ ጋር ነህ» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከፍርሃቱ የባሰው ግን እፍረቱ ነው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ፌኔት መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ካርታውን አውጣው» አለች።

«ፌኔት...»

«አውጣው፣ ታዲ! ጂሩን እኔ እሆናለሁ። ከዚያ ጭጋግ አውጥተህ ወደ ቤት አምጣው። እባክህ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አንተ ከፈለግህ ትችላለህ።»

ካርታውን ዘረጋሁት። ዳይሱን ጣለች፤ ሁለት መጣ። ደግማ ጣለች፤ ሦስት። ሕጉ ሁለተኛ መጣል አይፈቅድም፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጣለች፣ ለአራተኛ ጊዜም። ዳይሱ ከጠረጴዛው ተንከባሎ መሬት ወደቀ።

«ግድ የለም» አለች እያጎነበሰች። «ኢቢሳ ዛሬ ሰዎች ይዞ ዲጋ ሄዷል። ያ ሽማግሌ ለማን እንደሸጠው ሳይናገር አይለቁትም።»

ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ጥያቄውንም፣ መልሱንም፣ መጠራጠሬንም፣ ለምን እንደዋሸሁም። ስጨርስ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ለኢቢሳ ደወለችና ዘረጋችልኝ።

«በአፍህ ንገረው።»

ኢቢሳ ሲያነሳ ከበስተኋላው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። በኦሮምኛ ነገርኩት።

«ዱጋ ዳ?» አለ፤ እውነት ነው?

«እውነት ነው። ጥያቄውን በዐይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው ነገ ነው ያለው። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን እሑድ አልነገርከንም?»

«ፈርቼ ነው» አልኩት። ኢቢሳ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔ ሳወራ አይሰሙኝም፤ ለሁሉም አንተው ንገራቸው» ብሎ የድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ስልኩን ወደ ሰዉ አዞረው። ደግሜ ነገርኩ፤ ስሜን ጠርቼ፣ የማስተምርበትን ጠርቼ፣ እየጮህኩ። ጫጫታው ቀስ በቀስ በረደ። አንድ ሰው «ልቀቁት፣ ውሃ ስጡት» አለ። ከዚያ አንድ ሰው እያነከሰ ወደ ስልኩ ሲቀርብ ሰማሁ፤ ትንፋሹ ያፏጫል።

«ገለቶሚ» አለኝ ኦቦ ገብረክርስቶስ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛ ደገመው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። አዳንከኝ።»

«ምንም አይደል» አልኩት፤ አፌ ለምዶበት።

ፌኔት ስልኳን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ለእኔስ ምን ልትለኝ ነው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።