ለለኪ የተሠራ ጋጣ

እማማ የወይንሐረግን በገዛ ግቢያቸው እንደ አጥር ግንድ ነበር ያለፏቸው። ልጃቸው እውነቱ ከቡራዩ ያመጣው ግንበኛ፣ ሱሩር የሚሉት፣ ሜትሩን ዘርግቶ ከበሩ እስከ ማድቤቱ ለካ፤ ከማድቤቱ እስከ አጥሩ ለካ፤ ሲመለስ ችካል ሊተክል ፈልጎ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለ። ሌላ የጠየቃቸው ነገር የለም። አርባ ዓመት ፈረስ ያሳደጉት እሳቸው። ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ፈረስ ሲያስል ከአቧራ ይሁን ከሳንባ፣ አልጋቸው ላይ ተኝተው የሚለዩት እሳቸው። የፈረሱ ጋጣ ግን የሚሠራው በእውነቱና በሱሩር ምክር ነው።

«ስማ አንተ ግንበኛ» አሉ፣ ንቅንቅ ሳይሉ። «በሩን ወዴት ልታዞረው ነው?»

«ወደ አስፋልቱ ነው እማማ። ልጅዎ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«ልጄ ፈረስ ነው?»

ሱሩር ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። እውነቱ አልሳቀም። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቡራዩ ተከራይቶ ይኖራል። ሱሉልታ እናቱ ዘንድ ብቅ የሚለው ለዓመት በዓል ነበር። አዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ትሰፋለች የሚለው የማስተር ፕላኑ ወሬ ከተነሣ ወዲህ ግን በየእሑዱ መምጣት ጀምሯል።

«እማዬ፣ ነገርኩሽ እኮ» አለ። «ፕላኑ እዚህ ከደረሰ መሬቱን ለካሳ የሚለኩ ለኪዎች ይመጣሉ። ለኪ የሚጽፈው ያየውን ነው። የጭቃ ጋጣ ካየ ‹በረት› ብሎ ያልፈዋል። ብሎኬት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ወደ አስፋልት የዞረ በር ካየ ‹ቤት› ብሎ ይመዘግባል። ካሳው በዚያ ልክ ነው።»

እሱ ብቻ አልነበረም እንዲህ የሚያስብ። በዚያ ዓመት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሁሉ የሚገነባው ለለኪ ነበር። ሰው የማያድርበት ባለ ሦስት መስኮት ቤት ቆመ፤ ዶሮ ገብታበት የማታውቅ የዶሮ ቤት በብሎኬት ተሠራ፤ አንዱማ ድንች በሚተከልበት መሬት ላይ ደረጃ ብቻ ሠርቶ ትቶታል።

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉ እማማ የወይንሐረግ። «እኔ የማውቀው ባዝራዬ ታኅሣሥ ላይ እንደምትወልድ ነው። ለኪህ መቼ ነው የሚወልደው?»

የሚያንገበግባቸው ይኸው ነበር። ባዝራይቱ ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አምና በሸራ ዳስ ሥር ወልዳ፣ ሲነጋ ውርንጭላው ከነእርጥቡ በውርጭ ደርቆ ተገኘ። እናትየው ቆማ ትልሰው ነበር። ከዘንድሮ ወዲያ እንደማትወልድ እማማ የወይንሐረግ ያውቃሉ፤ ይህኛው ከሞተ የእነ ቦራ ዘር እዚያው ላይ አበቃ። ስለዚህ ነው ጋጣ ይሠራልኝ ብለው ለልጃቸው መልእክት የላኩት። ልጅየው የሰማው ግን «ይሠራልኝ» የምትለዋን ብቻ ሆነ።

በአሥር ቀን ተሠራ። ብሎኬቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወለሉ እንደ ሰሐን ለሰለሰ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ዓይን ይወጋል። እውነቱ በስልኩ ፎቶ አነሣው። በማግስቱ ሰኞ ሊሄዱ ሲሉ ተማሪዎች ፕላኑን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፤ ወደ ጫንጮ በኩል ተኩስ አለ ተባለ። ታክሲ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ልጅና ግንበኛ ሱሉልታ ቀሩ።

«ደግ ሆነ» አሉ እማማ የወይንሐረግ። «አሁን የሠራችሁትን ታያላችሁ።»

ማታውኑ ቦራን ወደ ብሎኬቱ አመጧት። በሩ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ነፍታ ቆመች። እውነቱ ልጓሟን ጎተተ።

«አትጎትታት! የማትገባበት ምክንያት አላት።»

«እንስሳ ናት እኮ እማዬ፣ ትለምደዋለች።»

ጎተተ። ሁለት እርምጃ ገባች፤ በሦስተኛው የፊት ኮቴዎቿ ሲሚንቶው ላይ ሸርተት አሉና በጉልበቷ ወደቀች፤ ያ ሁሉ ሆዷ ከሥሯ። ሱሩር «ያ አላህ!» ብሎ ደግፎ አነሣት። የጉልበቷ ቆዳ ተልጦ ነበር። ከዚያ ነፋሱ መጣ። የታኅሣሥ ነፋስ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሜዳ ተነሥቶ፣ ወደሱ በተከፈተው በር ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ዞረ። በሩን ዘግተው ቢሞክሩት ደግሞ ትንፋሿ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ጀርባዋ ላይ ተንጠባጠበ።

እማማ የወይንሐረግ ቦራን አወጧትና ልጓሟን ፈቱላት።

«ትፈታ። ፈረስ ቦታ መምረጥ ያውቃል፤ የተማረ ሰው ነው የማያውቅ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁለታችሁም ትነሣላችሁ።»

የእሳቸው ዘዴ ይህ ነበር። የሱሉልታ ፈረሰኛ ጋጣ ሲሠራ ከሜትር በፊት ውርጭን ያያል። ሲነጋ ግቢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ከማድቤቱ ጀርባ ግን፣ የጽዱ ዛፍ ጥግ፣ ምንጣፍ የምታህል ቦታ እንደ ጠቆረች ነበረች። ውርጭ አልነካትም። ቦራ እዚያች መሐል ጀርባዋን ለነፋስ ሰጥታ፣ አንድ እግሯን አሳርፋ ታንቀላፋለች።

«ይኸውልህ ለኪ» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ያለ ሜትር ለካችው።»

ሱሩር ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ነካ። «ሞቅ ይላል እኮ! እማማ፣ ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ...»

«ጠየቅኸኝ? ‹ጠጋ ይበሉ› ነው ያልከኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ። አሁን እየጠየቅሁ ነው። እንዴት ልሥራው?»

እማማ የወይንሐረግ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እዚችው ላይ ይቁም፣ በሩ ወደ ማድቤቱ ግድግዳ ይዙር አሉ። ቋሚዎቹ ከአሮጌው የከብት በረት ይነቀሉ፤ ጽድ ናቸው፣ ሃያ ዓመት ቆመው አልነቀዙም። መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ይለብለብ፣ ምስጥ አይደፍረውም። ወለሉ ድንጋይ ተረብርቦ አፈር ይደልደልበት፤ ሽንቱ እንዲወርድ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ፤ ከጣሪያው ሥር ትንፋሽ መውጫ አንድ ክንድ ክፍት ይተው። ቆርቆሮው ሥር ጭድ ይነጠፍ፣ እንዳያልበው።

«ቆርቆሮስ ከየት?» አለ ሱሩር። «መንገዱ ዝግ ነው።»

አሮጊቷ ወደ ብሎኬቱ ቤት ዞር ብለው አዩ። እውነቱም አየ፣ ገባውም።

«እማዬ፣ እሱ አይነካም! ጣሪያ የሌለው ቤት አይባልም። ያ ሁሉ ድካም!»

«ጊዜ ይፍረደን» ብለው ተዉት።

ጎረቤታቸው ኦቦ ዱባለ ድሮ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ወሬውን ሰምተው በማለዳ ከስድስት ጎልማሶች ጋር መጡ። «አካም ቡልተኒ! እንዴት አደራችሁ! ቦራ ቤት አጣች አሉ፤ ደቦ ነው የመጣነው» አሉ። ሁለት ቀን ተሠራ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ጭቃ ተረገጠ፣ ማገሩ ተመታ፣ ድንጋዩ ተረበረበ። እውነቱ ጭድ አመላለሰ፤ ወደ ቆርቆሮው ነገር ግን አልቀረበም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ወራጆች ሲወጡ፣ አንድ የፀጥታ ፒካፕ አስፋልቱ ላይ ቆመ። አለቃ የሚመስል ጎረምሳ ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ገባ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?»

«ደቦ ነው ጌታው» አሉ ኦቦ ዱባለ።

«ደቦ? በዚህ ሰሞን? ማን ጠራችሁ?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ የወይንሐረግ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጭቃ። «ባዝራ ልትወልድብኝ ነው። ካላመንክ ናና ሆዷን ዳብስ። ስትራገጥ ግን እኔን አትክሰስ።»

አንደኛው ባለ መሣሪያ ፈገግ አለ። አለቃው ግን ትእዛዝ አለበት። «እናቴ፣ ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል። የቤቱ ሰው ይቅር፤ ሌላው አሁኑኑ ወደየቤቱ። ተመልሼ ባገኝ አፍሳለሁ።»

ኦቦ ዱባለ ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ የወይንሐረግ ክንዳቸውን ያዙ። «ሂዱ፣ ልጆች አሏችሁ። ብዙ አልቀረንም።» ሰዎቹ ተራ በተራ ወጡ። ፒካፑም ሄደ።

የቀረው ጣሪያው ነበር። ሱሩር ላይ ሆኖ ወራጅ ይመታል፤ ከወረደ ያላሰረው ይወድቃል። እማማ የወይንሐረግ ቦራን ሊያዩ ጅምሩ ጋጣ ውስጥ ገቡ። ጎንበስ ብለው ጡቷን ዳበሱ፤ ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ደርቆበታል። የጭራዋ ሥር ላልቷል። ይህን ከአርባ ዓመት ጀምሮ ያውቁታል፤ ዛሬ ሌሊት ነው፣ ቢዘገይ ሲነጋጋ። ቀና ሲሉ በወራጆቹ መሐል የሚታያቸው ሰማይ ጥርት ብሏል፣ ደመና የለውም። እንዲህ ያለው ሰማይ ውርጭ ይዞ ነው የሚመሸው።

እውነቱ ብሎኬቱ በር ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ የሌለውን ስልኩን ይነካካል። እናቱ ፊቱ መጥተው ቆሙ።

«ምጥ ጀመራት» አሉ።

«እማዬ፣ ሸራውን ብናለብሰውስ? ለዛሬ ብቻ...»

«አምና ሸራ ነበር። ውርንጭላውን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አልነበርክም።»

«ካሳው እኮ ላንቺው ነበር። እኔ ለራሴ መሰለሽ?»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው፤ እኔን ሳትጠይቅ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ እንጂ አልላላም። «ለኪው ሲመጣ እኔ እቆማለሁ፤ የሚጽፈውን ይጻፍ፣ ‹በረት› ቢል በረት ነው። ዛሬ ግን የምትወልደው ቦራ ናት። ሰዎቹን አባረሩብኝ፤ ሱሩር ወራጅ ላይ ነው፤ እኔ መሰላል አልወጣም። የቀረኸኝ አንተ ነህ። ጫማህን አውልቅ፣ መዶሻውን ያዝ፣ ውጣና ከአስፋልቱ በኩል ካለው ጀምረህ ቆርቆሮውን ንቀል። አሥራ ሁለቱንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚህ እግሬ ሥር ደርድርልኝ። ሚስማር ደግሞ እንዳታጣምም፤ ሁሉንም እፈልገዋለሁ።»