ያለ ትኩሳት አንድ ሙሉ ቀን

እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የአሳማ ጉንፋን ኦስሎ ሲገባ፣ ሄልስፊር አቅራቢያ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ኖቬምበር ላይ ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠርታ የአሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ሁሉም አማርኛ የሚሰሙ ናቸው። ልጆቻቸው ከትምህርት ከቀሩ ሁለት ሳምንት አልፏል። የታመሙት ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩትን ቤት ያዋላቸው ፍርሃት ነው።

«ደንቡን በቋንቋቸው ንገሪያቸው» አለችኝ። «ትኩሳት ያለበት ልጅ አይመጣም። ያለ መድኃኒት ለቆት አንድ ሙሉ ቀን ሲያልፈው ይመለሳል። ሁሉም ይህን ካከበረ ጤነኞቹም ያለ ስጋት ይማራሉ።»

ደወልኩ። ሥራው ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት ጫማ ከማሰርና አፍንጫ ከመጥረግ ያለፈ ነገር የጠየቀኝ አልነበረም። አሁን ግን እናቶች «ዓለምጸሐይ ብላለች» እየተባባሉ እንደ ሐኪም ያዳምጡኝ ጀመር። ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።

አሻፈረኝ ያሉት አደይ አብረኽት ብቻ ናቸው። «አደይ» በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ አማርኛ አጥርተው የሚናገሩ የአስመራ ሰው ናቸው። ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተው፣ የልጃቸውን ልጅ ደሊናን ያሳድጋሉ። ደሊና ስምንት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። በስልክ ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው። በአራተኛው ቤታቸው ሄድኩ።

«ልጅቷ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ እየቀረች እኮ ነው፣ አደይ።»

«ትቅር። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ምን ያነባል?»

«በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። የታመመ ልጅ አላስገባም። ከእኔዋ ልጅ ከናታሊ ጎን አስቀምጣታለሁ፤ በዓይኔ ሥር ትሆንልዎታለች።»

 «አንቺም እናት ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ካልሽ አመጣታለሁ።»

ሰኞ ደሊና ተመለሰች። ሐሙስ ጠዋት ናታሊን ልቀሰቅስ ስነካት ግንባሯ ይፋጃል።

የዚያን ቀን ነርስ መጥታ ስለ ክትባቱ ለወላጆች ታስረዳለች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ልጅ ሲታመም የመቅረት መብት ነበረኝ። ማንም አያባርረኝም፣ ደመወዜም አይነካም። ይህን የምናገረው ሰበብ እንዳይኖረኝ ነው። የፈለግኩት ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ መታየት ነበር።

ፓራሴት የሚባለውን የትኩሳት ማስታገሻ ሰጠኋት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አላባትና ቀዘቀዘች።

«ማማ፣ ዛሬ ቤት ብንውልስ?»

«ትንሽ ጉንፋን ነው። መድኃኒት መውሰድሽን ለማንም አትንገሪ። እሺ?»

«ያ» አለች፣ በኖርዌይኛ እሺ ማለቷ ነው፣ ጃኬቷን እየለበሰች።

ስብሰባው አማረልኝ። ነርሷ «ትኩሳት በመድኃኒት በረደ ማለት ለቀቀ ማለት አይደለም» ስትል፣ ቃሏን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አደይ አብረኽት ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቁ ነበር። ስብሰባው አልቆ ወደ ክፍል ስገባ ናታሊ ደሊና ትከሻ ላይ ተደግፋ አንቀላፍታለች። ቀስቅሼ ወደ ቤት ወሰድኳት። ለመምህሯም «አሁን ነው ያተኮሳት» አልኳት።

እሑድ ደሊና አተኮሳት። ሰኞ በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባች። ወደ ሳንባ ምች ዞሮባት በኦክስጂን ነበር የምትተነፍሰው።

ማክሰኞ ግሮንላንድ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃት ሄድኩ። አደይ አብረኽትን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ገና ሳያቅፉኝ ማልቀስ ጀመሩ።

«አንቺ ምን አጠፋሽ! ደጋግመሽ መከርሽን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የት ይዣት ዞሬ እንዳስያዝኳት እንጃ። ቅዳሜ ገበያ ባልወስዳት ኖሮ!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት፣ ጥፋት አይደለም» አልኳቸው። አጽናናኋቸው! ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል። በሽታው ከተማውን ሞልቶታል፣ ከየትም ሊይዛት ይችላል እያልኩ ራሴን እያባበልኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ናታሊ ተሽሏት ነበር፤ እራቷን ግን አልነካችም።

«ማማ፣ ደሊና ከሞተችስ? ያኔም ለማንም አልናገርም?»

 ለአምስት ቀን ያን ምሥጢር አፏ ውስጥ ይዛ ከርማለች።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄጄ ለአደይ አብረኽት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትኩሳቱን፣ ፓራሴቱን፣ ልጄን አፏን ማስያዜን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ስብሰባው ላይ ቆመሽ ስታስረጂን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ትናንት እጄን ይዘሽስ?»

«አውቅ ነበር፣ አደይ።»

«ሂጂልኝ» አሉ። ብቻ። የትናንቱን ብርቱካን ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ገባሁ። ሰምታኝ ስታበቃ የስልክ ዝርዝሩን እንድመልስ እጇን ዘረጋች።

«አንድ ዙር ብቻ ልደውል» ብዬ ለመንኳት። «የነገርኳቸውን እኔው እንዳላከበርኩ እኔው ልንገራቸው።»

ፈቀደችልኝ። ለቀሩት አሥራ ስምንቱም ደወልኩ። አንዱ አባት ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንዷ እናት «አንቺ ነሽ እኛን የምትመክሪው?» አለችኝ። የሁለት ወንዶች እናት ሩቂያ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሱፍያንን ዛሬ ጠዋት እንደዚያው አድርጌ ልኬዋለሁ» አለችኝ። «መጥቼ ልውሰደው?»

«አሁኑኑ» አልኳት። ከእሷ ሌላ ሁለት እናቶችም እንደዚያው ነገሩኝ። በማግሥቱ ሦስት ልጆች ቤታቸው ዋሉ። በጥሩ ድምፅ ደንቡን ሳነብላቸው ከእናቶቹ አንዳቸውም እውነቱን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

ደሊና በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች፤ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ክፍሏ ተመለሰች። አደይ አብረኽት ይዘዋት መጥተው ከናታሊ ርቃ እንድትቀመጥ መምህሯን ጠየቁ። ከዚያ በሩ ላይ፣ ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ፊቴ ቆሙ።

«ልጅሽ እንዴት አደረች?»

«ደህና አድራለች።»

«ትኩሳት?»

«የለባትም።»

«መድኃኒትስ?»

«አልሰጠኋትም፣ አደይ።»

ዓይኔን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ የደሊናን እጅ ለቀቁ። እስከ ገና ዕረፍት ድረስ በየጠዋቱ በዚያው በር፣ በዚያው ሰው ፊት ያንኑ ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩ። «እንደምን አደሩ» ስላቸው ግን አይመልሱልኝም። የመለሱልኝ ፋሲካ ሲቃረብ ነው፤ እሱንም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ።