የጀርመን ምግብ ሰመራ ላይ

ኧረ ተዉኝ፣ ስለ ጀርመን ምግብ አትጠይቁኝ። ሰመራ ላይ የጀርመን ምግብ የሚበላበት አንድ ቤት ነበር፣ የኔ የኸሊዳ። ዱባይ የጀርመን ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ ዓመታት ፈግቼ የተማርኩትን ሙያ ይዤ ነው የመጣሁት። እዚያም ቢሆን የምንሠራው ሐላል ነበር፤ አሳማ የሚባል ነገር በደጁ አያልፍም።

የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ጀርመኖች መጥተው የታሸገ ምግብ ሰልችቷቸው ነበር። የጥጃ ሥጋ ቀጥቅጬ፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አልብሼ ጠበስኩላቸው። ድንች ሰላጣ አስከተልኩ። ጥቅል ጎመን ባልዲ ውስጥ በጨው አኮመጠጥኩ። አንዱ ሽማግሌ በልቶ ሲያበቃ እንባው መጣ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በሩ ላይ «የጀርመን ምግብ አለ» ብዬ አስጻፍኩ።

ያቺ ጽሑፍ ጉድ አፈላችብኝ። ጀርመን ያለ አሳማ አይበላም ተባለ። የጎመኑ ሽታ ደግሞ «አሳማውን ባልዲው ውስጥ ደብቃለች» አሰኘ። ጥብሴን ሳይቀምሱ የማያልፉት የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ደጄ ላይ መኪና ማቆም እንኳ ተዉ። ጽሑፉን አስፋቅኩ፣ ጎመኑን ሰው እያየኝ ደፋሁ፣ ድስቱን ሁሉ ቀየርኩ። ማን ሰምቶኝ።

ሥጋውን የሚያርድልኝ እኮ የገዛ ወንድሜ አህመዲን ነው፣ ከባቲ አብሮኝ የመጣ፣ ባለ ሥጋ ቤት። ቢስሚላህ ብሎ አርዶ፣ በእጁ መዝኖ ነው የሚሰጠኝ። ከሱ አንድ ቃል ቢወጣ ወሬው ይሞታል። ከጁምዓ በኋላ ለሰዉ እንዲናገርልኝ ሄጄ ለመንኩት።

ቢላውን እየሳለ «እኔማ መች አጣሁት፣ ኸሊዳ» አለኝ። «ግን እኔንም ቢጠረጥሩኝስ? ልጆች አሉኝ።»

ቢሆንም ወንድሜ ነው፣ ሌላው ቢቀር እሱ በልቡ ያምነኛል ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት።

ጀርመኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ረመዳን ገባ። ቤቱን ልዘጋው ስለቆረጥኩ አህመዲንን አብሮኝ እንዲያፈጥር ጠራሁት። ሰው እንዳያየው ብዬ ጓዳ አስገባሁት፣ በሩንም ዘጋሁለት። እሱ ካረደው ሥጋ ሾርባ ሠርቼ ነበር።

የማፍጠሪያው አዛን ሲባል ከኪሱ ተምር አወጣ። ውሃውንም በላስቲክ ይዞ መጥቷል። ሾርባውን አቀረብኩለት። ሳያየኝ በጣቱ ገፋ አደረገና «በልቻለሁ» አለኝ።

አዛኑ ገና አላለቀም ነበር።